አናናስ ለባሿ

በትሪኒዳድ ደሴት፣ በሰሜኑ ጋራ፣
ዝናብ በማያጣው በካካዎ ተራ፣
ገላዋ አናናስ ነው፤ ስሟም ከሱ ወጣ፤
ዘናና ይሏታል በሹክሹክታ፣ ተጠርታ እንዳትመጣ።
እኛም አናናስን አናናስ እንላለን፤
ሳንተያይ ሰንብተን በአንድ ቃል ተገናኘን።

ቤቷ ቅጠል ነው፤ በቅጠል ላይ ቅጠል፣
አንዱ ሳይበሰብስ ሌላው የሚከተል።
ቡኒው ቡኒ ላይ፣ ጥቁሩ ጥላ ላይ፣
ስድስት ክንድ ተጋድማ፣ ታይታ የማትታይ።
ፀሐይ አትስማማትም፤ ዛፉ የተገፈፈ ለት
እሷም ትገፈፋለች፣ ያለ ቁስል፣ ያለ ጩኸት።

ጉንጯ ላይ፣ በዓይንና በአፍንጫ መሃል፣
ሙቀት የሚያነብ ቀዳዳ አለ፤ ጨለማው ቀን ይሆናል።
ላፕ የሚሏት አለች፣ ጥንቸል የምታህል፣ ነጥብ ያላት አይጥ፣
ሁልጊዜ በአንድ መንገድ፣ በሌሊት የምትሮጥ፤
እሷ ከዚያ መንገድ ዳር አገጯን ጥላ
ሳምንት ትቆያለች፣ ምንም ሳትበላ።

ኤቨራርድ ቀን ቀን ካካዎ ይለቅማል፣
ሲመሽ ባትሪ ይዞ ላፕ ሊያድን ይወጣል።
ካፒቴን ነበረው፣ ጆሮ የጎደለው ውሻ፤
ያለሱ ጌትዬው ወንዝ መሻገር አይሻ።
አንድ ሌሊት ካፒቴን አፍንጫውን ሰደደ
ከላፕ ጉድጓድ ውስጥ፤
አንዴ አለቀሰ፤ ጉልበቱ ተናደ።
ሊነጋጋ ሲል ሞተ። ኤቨራርድ አላለቀሰም፤
ገጀራውን ሳለ፤ ቁርስም አልቀመሰም።

ጉድጓዱን በባትሪ ቢያይ፣ ተጠቅልላለች፤
እንደ መርከብ ገመድ ክብ ሠርታ ተኝታለች፤
ከክቡ መሃል ላይ አሥራ አንድ እንቁላል፣
ነጭ፤ የሕፃን ጡጫ፣ ቢበዛ፣ ያክላል።
ገጀራው አይደርስም፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው።
"ስትራብ ትወጣለች፤ ያኔ ነው የምቆርጠው።"

በእኛ ዘንድ ሲወራ፣ እፉኝት አንዴ ነው የምትወልድ፤
ልጆቿ ሲወጡ ሆዷ እንደ ስልቻ ሲቀደድ።
ልጅ ሲከፋብንም "የእፉኝት ልጅ" እንላለን፤
ይቺን ግን አላየን።

ሰኞ ሄደ። ሐሙስ። ዝናብ ሲወርድ፣ ዝናብ ሲያባራ።
አልወጣች። ሲጠጋ ብቻ፣ ጅራቷ ከቅጠል ጋር ሲያወራ
ይሰማል፤ ሽ... ሽ... ሩዝ እንደሚፈስ ከከረጢት፤
ቆዳዋ ላላ፣ አጥንቷ ወጣ፣ እሷ ግን እዚያው ናት።
ሚስቱ ኡርሲላ ተቆጣች፦ "ካካዎው ዛፍ ላይ ጠቆረ!
ሰው ጠላቱን እንዲህ ይጠይቃል? ስንቅ ብቻ ነው የቀረ!"
ገጀራውን መቼ ትቶ መሄድ እንደጀመረ
ሲጠየቅ አያውቅም፤ በእጁ ዱላ ብቻ ነበረ።

በሰባ አራተኛው ጠዋት ጉድጓዱ ባዶ ነበር፤
ቅርፊት፣ እንደ እርጥብ ወረቀት፤ ከዚያ ሌላ ምንም ነገር።
ተቀምጦ ቆየ። ካፒቴንን አሰበ፤ ከዚያ ደግሞ እግሩን፣
አሥራ አንድ አዲስ ፍርሃት የተዘራበትን መንገዱን።
አንድ ቅርፊት በኪሱ ይዞ ገባ። ኡርሲላ ምንም አላለች፤
ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከጋብቻ ወረቀታቸው ጎን አኖረች።

"እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይባል ይሆናል፤
እሱ አልበረየም፤ እግሩን ፊደል አስቆጥሯል።
ግንድ ሲሻገር ከወዲያ ማን እንዳለ ጠየቀ፤
በዱላው መታ፣ መታ፤
ትንሽ ጠበቀ።

ዘንድሮ ጋራው ተሸጠ፣ ድንጋይ ለሚፈጭ ኩባንያ።
አሁን ነጭ አቧራ ነው፣ መኪና ነው፣ እዚህም እዚያ።
ሾፌሩ ወጣት ነው፦ "አባባ፣ እዚህ እባብ አለ?"
"ነበረች።"
"አንድም አላየንም።"
"አታዩም" ብሎት መንገዱን ቀጠለ።

ቅጠል የለም፤ ጥላም የለም፤ እሱ ግን ጠጠሩን መታ፣ መታ፣
እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ቆም ብሎ ለአንድ አፍታ፣
ደጅ እንደሚጠና ሰው፣
ከውስጥ እንደሚጠብቅ፦ "ማነው?"